መልስ፦ የተዘጋው የፌስቡክ ግሩፕ ቴሌግራም ላይ እንዴት መጣ?

አብሽሪ እህቴ፤ የክትባት ሴራ የሚያወራው የፌስቡክ ግሩፕ ከተዘጋ በኋላ እናትሽ ቴሌግራም ላይ እንዴት እንዳገኙት ጠይቀሻል። መንገዱ የሚጠረገው ገና ሳይዘጋ ነው፤ አስተዳዳሪዎቹ «ቢዘጉን እዚህ እንገናኝ» ብለው የመጠባበቂያ ቻናል ሊንክ ከላይ ፒን ያደርጋሉ። ኪውአኖን የተባለው የአሜሪካ የሴራ ትርክት ተከታዮችም እ.ኤ.አ. በ2018 ሬዲት የተባለው የውይይት ድረ ገጽ ሲዘጋቸው ወደ ተመሳሳዩ ድረ ገጽ ቮት፣ በ2021 ትዊተር ከ70,000 በላይ አካውንት ሲያጠፋ ወደ ቴሌግራምና ጋብ ወደተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ሄዱ። በየመንገዱ ብዙ ሰው ይንጠባጠባል። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይንጠባጠብ እስከ አዲሱ ቤት የሚከተለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የባሰበት እሱ ነው፣ አዲሱ ቤት ውስጥም «ማስረጃህ የት አለ?» ብሎ የሚሞግተው የለም።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሊንኩ በእድርና በቤተዘመድ ግሩፕ ከገባ፣ የሚያከብሩት ሰው ስለላከው ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ ቻናሉን ከእናትሽ ስልክ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ በሌላ ሊንክ ይመለሳል። ፎርዋርድ የተደረገው መልእክት ላይ ያለውን የቻናል ስም ነክተሽ ምንጩን ክፈቺ፣ ሪፖርት አድርጊ፣ ከዚያ የላከውን ሰው በውስጥ መስመር በአክብሮት አናግሪው። ሰው ፊት ካሳፈርሽው ግን እልህ ይይዘውና ደጋግሞ ይልከዋል።