ቴሌቪዥንን ለኮምፒውተር ስክሪንነት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ብሰካውም ቴሌቪዥኑ "ኖ ሲግናል" ይላል።

መልስ፦ ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ ቁጥርና በሪሞት የመረጡት ሶርስ ቁጥር አንድ ይሁኑ። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ"ፒ" ጋር ተጭነው "ዱፕሊኬት" የሚለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ለኤክሴል ሥራ 43 ኢንች ፎርኬ (3840 በ2160 ነጥብ ያለው) ቴሌቪዥን ገዝተዋል። ፊደሉ ይደበዝዛል፤ በሰማያዊ መደብ ላይ ያሉ ቀይ ቁጥሮች ጭራሽ አይነበቡም፤ ከታች ያለው የዊንዶውስ መስመርም ግማሹ ተቆርጧል። ሻጩ "ኬብሉ ነው" ስላላቸው ሁለት ጊዜ ቀይረዋል።

መልስ፦ ሦስተኛ ኬብል እንዳይገዙ! የኤችዲኤምአይ ኬብል ሲበላሽ ምስሉ ይጠፋል፣ ይቆራረጣል ወይም ነጫጭ ነጥብ ይረጭበታል እንጂ ፊደል አያደበዝዝም። ችግሩ ያለው የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ላይ ነው። ቴሌቪዥን ፊልም ለማሳመር የተሠራ ስለሆነ የሚመጣለትን ምስል ሁሉ ይነካካል። ለኮምፒውተር ግን ምስሉ የተሠራባት እያንዳንዷ ነጥብ (ፒክስል) እንደመጣች መቀመጥ አለባት።

ከጠርዙ ይጀምሩ። ቴሌቪዥኖች ከድሮው ሥርጭት በወረሱት ልማድ ምስሉን ጥቂት ፐርሰንት አሳድገው ዳር ዳሩን ይቆርጡታል። ጉዳቱ የዊንዶውስ መስመር መቆረጡ ብቻ አይደለም፤ ምስሉ ስለተለጠጠ የኮምፒውተሩ ነጥብ ከስክሪኑ ነጥብ ጋር አይገጥምም። "ፒክቸር ሳይዝ" ወይም "አስፔክት ሬሾ" ውስጥ "ፊት ቱ ስክሪን" ወይም "ጀስት ስካን" የሚለውን ያብሩ።

ቀይ ቁጥሮቹን ያጠፋው ግን ሌላ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሲይዙ፣ ቀለሙን ለአራት ነጥብ አንድ ብቻ አድርገው ያሳያሉ። በፊልም ላይ ማንም አያስተውለውም። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይም ይነበባል። ቀይ በሰማያዊ ላይ ሲሆን ግን የፊደሉ ቅርጽ የሚለየው በቀለም ስለሆነ ይፈርሳል። መፍትሔው ላፕቶፑ የተሰካበትን ሶርስ ስምና ምልክት ወደ "ፒሲ" መቀየር ነው፤ በሳምሰንግና በኤልጂ ይህ የስም ለውጥ ብቻ ሳይሆን የምስሉን አሠራር ራሱን ይቀይራል። የዚያን ቀዳዳ "ዲፕ ከለር" ወይም "ዩኤችዲ ከለር" ያብሩ፤ ላፕቶፑ ላይም የግራፊክስ ሴቲንጉን "አርጂቢ" ያድርጉት።

ከዚያ የቴሌቪዥኑን "ሻርፕነስ" ይቀንሱ። አንድ ጥቁር ፊደል ላይ ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ጥላ ካለው ገና ብዙ ነው። ጥላው እስኪጠፋ ዝቅ ያድርጉት፣ ከዚያ ያቁሙ።

በመጨረሻ ዊንዶውስ ላይ ሪዞሉሽኑን (የነጥቡን ብዛት) 3840 በ2160፣ ስኬሉን (የፊደሉን መጠን) 125 ወይም 150 ፐርሰንት፣ ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) 60 ኸርዝ ያድርጉ። ከ30 በላይ አልሰጥ ካለዎት የላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ የድሮው 1.4 ስሪት ሊሆን ይችላል፤ በፎርኬ አቅሙ እዚያ ላይ ያበቃል፣ ማውሱም ይንቀራፈፋል። ያኔ 1920 በ1080 በ60 ኸርዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ "ፎርኬ ሰፖርት" የሚል 32 ኢንች ገዛሁ። 1920 በ1080 ሳደርገው "ሹ" እና "ሺ" አይለዩልኝም።

መልስ፦ "ሰፖርት" ማለት ምልክቱን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው። ብዙ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ፓነላቸው (ስክሪኑ ራሱ) 1366 በ768 ነጥብ ነው፤ የተረፈውን ነጥብ ጨፍልቀው ያሳያሉ፣ በመጀመሪያ የሚጠፋውም እንደ "ሹ" ያለው ፊደል ጎን ላይ የሚወጣው ትንሽ ጭረት ነው። ሪዞሉሽኑን 1366 በ768 ያድርጉት። ይሻሻላል፤ ለረጅም ጽሑፍ ግን አይመችም። ለገዢዎች ሁሉ፦ "ሰፖርት" የሚለውን ትተው የፓነሉን ቁጥር ይጠይቁ፣ መልስ ካላገኙ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ድምፁ ከላፕቶፑ ብቻ ይወጣል።

መልስ፦ ዊንዶውስ መስመር ላይ ያለችውን የድምፅ ምልክት ተጭነው ቴሌቪዥኑን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ኬብሉን ስሰካ የላፕቶፑ ብረት ጣቴን ይነዝረኛል። ስታቢላይዘር ብገዛ ይተወኛል?

መልስ፦ አይተውዎትም። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ የመሬት ሽቦን አይተካም። ቻርጀሮችና ቴሌቪዥኖች ውስጥ ያሉ ማጣሪያዎች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሾልካሉ፤ የመሬት ሽቦ ካለ በዚያ ይወርዳል። ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ የመሬት መስመር ከሌለው ግን ብረቱ ላይ ይቀራል፤ ሁለቱን ዕቃ ሲያገናኙ በኬብሉ ያልፋል፣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውንም ሊያቃጥለው ይችላል። መንዘሩ ከሽቦ ብልሽት የመጣ ከሆነ ደግሞ ለሕይወትም ያሰጋል።

የመሬት መስመሩን ራስዎ ለመሥራት አይሞክሩ። የመሬት ሽቦውን ከውሃ ቧንቧ ወይም ከኒውትራል (ከኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ጋር ማሰር ሰው ይገድላል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተው የቤቱን የመሬት መስመር በመሣሪያ ያስለኩ፤ ሶኬቱን ዓይቶ ብቻ "ደህና ነው" ካለ ሌላ ይጥሩ። እስከዚያ ሁለቱን ዕቃ አያገናኙ።

ጥያቄ፦ ዓይኔ ይቃጠላል።

መልስ፦ 43 ኢንች ከሆነ ከ80 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ይራቁ። "ዳይናሚክ" ወይም "ቪቪድ" የሚለው የቴሌቪዥኑ የምስል ሴቲንግ ለሱቅ መብራት የተሠራ ነውና ያጥፉት፤ ብርሃኑንም ከክፍሉ ጋር ያመጣጥኑ። ካልተሻለዎት የዓይን ሐኪም ይዩ።

ጥያቄ፦ ያለ ኬብል በዋይፋይ አይሆንም?

መልስ፦ ይሆናል፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ"ኬ" ጋር ተጭነው ቴሌቪዥኑን ይምረጡ። ለፊልም ይሆናል፤ ለጽሕፈት ግን ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ሥራ ላይ እያለሁ ቴሌቪዥኑ በየተወሰነ ሰዓት ራሱን ያጠፋል።

መልስ፦ ሪሞት ስላልነኩ ሰው የለም ብሎ ነው። ኃይል ቁጠባ ሴቲንግ ውስጥ "አውቶ ፓወር ኦፍ" የሚለውን ያጥፉ።