የፎክሎር ምሩቅ ነኝ፤ የዲጂታል ማከማቻ ሥራ ልቀበል?

ከአዛውንት እናቶች ሙሾ ሰብስበሽ በፎክሎር ሁለተኛ ዲግሪሽን ይዘሻል። የምትሠሪበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የሥነ ሰብ ጥናቶች ለማንም በነጻ የሚነበቡበት የዲጂታል ማከማቻ አቋቁሚ ብሎሻል። «የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ከሙያዬ ርቄ ወረቀት ሳነሣ ልኖር ነው» ብለሽ ፈርተሻል።

እህቴ፣ ተቀበዪ። ሶፍትዌሩ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ዲስፔስ የተባለው የማከማቻ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ አንድ የሲስተም ባለሙያ ይጭንልሻል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ እሱ ደግሞ ያንቺ ሙያ ነው።

ስምን ብቻ ተመልከቺ። የማከማቻው መመዝገቢያ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባት ስም ነው። አንዱ መዝጋቢ በአባት ስም፣ ሌላው በራስ ስም ሲያስገባ አንድ ተመራማሪ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። ፊደሉም እንዲሁ ነው፤ «ሥነ ጽሑፍ» ተብሎ የተመዘገበውን ጥናት «ስነ ጽሁፍ» ብሎ የፈለገ ተማሪ ላያገኘው ይችላል፣ ለኮምፒውተር ሠ እና ሰ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። የዘመን አቆጣጠሩስ? የቅጂ መብት አዋጃችን በአማርኛ 410/1996፣ በእንግሊዝኛ 410/2004 ተብሎ ይጠራል፤ አዋጁ ግን አንድ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ቀን ደንብ የሚጽፍ ሰው ከሌለ፣ የሰው የዓመታት ልፋት ተጭኖ ሳይገኝ ይቀራል። ይህን በዓይኔ አይቼ አዝኛለሁ። ቋንቋውን የማያውቅ ባለሙያ ችግሩ መኖሩንም አያውቅም።

የሥራ ገበያውንም አትጠራጠሪ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለዩኒቨርሲቲዎች የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ ማለትም ጥናቶች ለማንም በነጻ እንዲነበቡ የሚል ፖሊሲ አውጥቷል። በእጅሽ የጻፍሽው የአመዘጋገብ ደንብ በማንኛውም ቃለ መጠይቅ ላይ ይዘሽው የምትቀርቢ የሥራ ማስረጃ ይሆንሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ሦስት ነገር በጽሑፍ ይሰጥሽ፦ የሥራ መደብሽ መጠሪያ፣ የሚያግዝሽ የሲስተም ባለሙያ፣ የፋይሎቹ ቅጂ በሌላ ቦታ የሚቀመጥበት መንገድ። ጥናቶቹን ስትጭኚ የጸሐፊዎቹን ፈቃድ አስፈርሚ።

በራስሽ ጥናት ጀምሪ። ሙሾውን የነገሩሽ እናቶች የፈቀዱት ለአንዲት ተማሪ እንጂ ለዓለም ሁሉ አልነበረም፤ ድምፃቸውን ከመልቀቅሽ በፊት ተመልሰሽ ሄደሽ ጠይቂያቸው። እንቢ ካሉ ጽሑፉ ብቻ ለንባብ ይውጣ፣ የድምፅ ቅጂው ተዘግቶ ይቀመጥ።