በሐምሌ ፑኬት ለምትሄጂው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከባለቤትሽ ጋር በሐምሌ ለ9 ቀን ታይላንድ፣ ፑኬት ልትሄጂ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሌባ፣ ስለ እባብና ስለ ምግብ መመረዝ እያወራልሽ ከደስታው ጭንቀቱ በዛብሽ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ባህሩ ሊወስደኝ ነበር፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ያሉት ዳርቻዎች፣ እነ ፓቶንግ፣ ካሮንና ካታ፣ በዝናቡ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባህራቸው ይቆጣል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አይዋኝም። እኔ ባንዲራውን አይቼዋለሁ፣ ግን ውሃው እስከ ወገቤ ብቻ ስለነበር ምን ይመጣል ብዬ ገባሁ። ያውም ሞገድ የማይሰበርበትን ጸጥ ያለ ቦታ መርጬ። ለካ አደገኛው ጸጥ ያለው ነው፤ ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ ወደ ባህሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። እግሬ ስር ያለው አሸዋ ሲሸሽ ተሰማኝ፤ ዞር ስል ፎጣዬ ርቋል። ወደ ዳር መዋኘት ጀመርኩ፣ ብዋኝ ብዋኝ ያው ባለሁበት ነኝ። ትንፋሼ ሊያልቅ ሲል አንድ ነፍስ አድን ሠራተኛ ዳር ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ሲያሳየኝ አየሁት። ዳርቻውን ተከትዬ ወደ ጎን ዋኘሁ። ብዙም ሳልሄድ ጉተታው ለቀቀኝ።

ስለዚህ ውሃ ከወሰደሽ አትታገዪው። ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አንስተሽ ሰው ጥሪ፣ ጉልበት ካለሽ ወደ ጎን ዋኚ። ባለቤትሽም ይህን ይወቅ። ዋናው ሐሳባችሁ መዋኘት ከሆነ ደግሞ ትኬት ሳትቆርጡ ኮ ሳሙይ የምትባለውን ሌላዋን የታይላንድ ደሴት አስቡበት። በሌላኛው ባህር ላይ ስለሆነች ከባዱ ዝናቧ የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው፤ በሐምሌ ከፑኬት ትሻላለች።

ሁለተኛው ሞተር ነው። እዚያ በርካሽ ስለሚከራይ ነድቶ የማያውቅ ቱሪስት ሁሉ ይጋልበዋል። በታይላንድ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው ሞተር ላይ የነበረ ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ የሞተር ምድብ ከሌለ ደግሞ ኢንሹራንሱ ላይከፍላችሁ ይችላል። ይቅርባችሁ፣ ግራብ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ታክሲ ጥሩ። ጄት ስኪም (ውሃ ላይ የሚነዳው ሞተር) ሆነ ሌላ ነገር ስትከራዩ ፓስፖርት መያዣ አትስጡ። ገና ሳትነኩት ዙሪያውን ቪዲዮ አንሱት፣ ስትመልሱ "ይህን ጭረት አንተ ነህ ያመጣኸው" ይመጣልና።

ትንኝ ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው ማታ ነው። ዴንጌ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን የምትናከሰው ቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማምሻው። ዲት (DEET) የሚባለው ትንኝ ማባረሪያ ያለበት መከላከያ ቀን ቀን ተቀቡ፤ መጀመሪያ የፀሐዩን ክሬም፣ ከዚያ እሱን። ድንገት ከባድ ትኩሳትና ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም ከመጣ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ዴንጌ ከሆነ መድማት ያባብሳሉ።

ጦጣ አትመግቡ፣ የመንገድ ውሻ አትዳብሱ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ክትባት። ለነገ የሚባል አይደለም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ባለቤትሽ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ቤት ይተወው፣ እዚያ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሌላው ሁሉ ያን ያህል አያስጨንቅም። የመንገድ ላይ ምግብ ፈርተሽ ዘጠኙን ቀን ሆቴል ብቻ ብትበዪ ያሳዝነኛል። ወረፋ ያለበት፣ ፊት ለፊትሽ በእሳት የሚበስል ምግብ ብዪ። የቧንቧ ውሃ አትጠጪ፣ የታሸገ በየሱቁ ሞልቷል። ሆድሽ ቢበላሽ እንኳ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከየፋርማሲው ታገኛለሽ። የቱሪስት ፖሊስ 1155፣ አምቡላንስ 1669፤ ሁለታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡት። የፓስፖርታችሁን ኮፒ ያዙ፣ ዋናው ፓስፖርት ሆቴል ውስጥ ይቆለፍበት።

ዘና ማለቱን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ቀን ተኩል ምንም አታቅዱ። እኔ የመጀመሪያ ጉዞዬን በደሴት ጉብኝት ሞልቼው ድካም ብቻ ይዤ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጉዞዬ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ማንጎ በሚያጣብቅ ሩዝ እየበላሁ ዝም ብዬ አየሁት፣ እስካሁን ከጉዞው ሁሉ የሚናፍቀኝ እሱ ነው። ሙቀቱ ይከብዳችኋል፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ እረፉ።

አንድ የረሳሁት፦ ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ታይላንድ እንደነበራችሁ ንገሩት።