ስለ እርጎና ስለ ባክቴሪያ ለምታወሩ ልጆች

ልጆች፣ ማይክሮባዮሎጂ የምትማሩም ሆነ ቲክቶክ ላይ ስለ ጤና የምታወሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጥናቱ ከደረሰበት አልፋችሁ አትሂዱ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሰፈሩ ሥራዬ ከተሕዋስ ጋር እንደሆነ ስለሚያውቅ ጥያቄ አይጠፋም። በቅርቡ እርጎ የምትሸጥ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ እንጀራም እርጎም ፕሮባዮቲክ ነው እያሉ ነው። ሱቄ በር ላይ ልጻፈው?»

ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ጤናን የሚጠቅም ሕያው ተሕዋስ ነው። የእንጀራው ቀላል ነው። ሊጡን ያቦኩት እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ሲደርሱ ያልቅላቸዋል። ሥራቸውን ግን ጨርሰዋል። ጤፉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ቀንሰውታል። ይኼ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለምን ሌላ ስም እንደምንለጥፍበት አይገባኝም።

እርጎው ውስጥ ግን በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ሞልቷል። ቢሆንም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ፕሮባዮቲክ ለመባል እ.ኤ.አ. በ2001 ያስቀመጡት መስፈርት ጠበቅ ይላል። ተሕዋሱ በሕይወት ይኑር፣ መጠኑ ይብቃ፣ ለጤና ጥቅም ይስጥ ይላል። ጎረቤቴ ቅሉን በወይራ ታጥናለች፣ ጥሬ ወተት ትሞላለች፣ ወተቱ በራሱ ጊዜ ይረጋል። የትኛው ባክቴሪያ እንደገባ፣ ስንት እንደሆነ የቆጠረ የለም። የወይራው ጭስ አንዳንዱን ያዳክማል፤ ጠረኑንማ ተዉት! ግን ካልፈላ ወተት ጋር ብሩሴሎሲስም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ትኩሳት የሚያመጣ በሽታ) የከብት ሳንባ ነቀርሳም ሊመጣ ይችላል። መኮምጠጡ ዋስትና አይሆንም።

ይህን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። የኑሮዋ ጉዳይ ነዋ። አስፈራርቼ ልሸኛት አልፈለግኩም። ወተቱን አፍልታ፣ ለብ ሲል ከፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት ከተሞቀ) ወተት የተሠራ እርጎ በማንኪያ ጨምራ ማርጋት እንደምትችል አሳየኋት። በሩ ላይም «ከፈላ ወተት የተሠራ» ብላ ትጻፍ። ይኼ እውነት ነው፣ ገበያም አያባርርም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የፕሮባዮቲክ ዱቄት ግዙ የሚለው ምክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካና ከካናዳ የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ድንገተኛ ተቅማጥና ትውከት በያዛቸው ሕፃናት ላይ ተሠርተዋል። የተሞከሩት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች፣ ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው ባክቴሪያ የሌለበት ባዶ ዱቄት አልተሻሉም። የእናትየው ብር ለኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው ለሚተካው ዱቄት) እና ለዚንክ ይዋል። ፕሮባዮቲክ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ከባድ ተቅማጥ በሚያመጣው ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲሌ በተባለ ባክቴሪያ እንዳይያዝ ሊያግዙ የሚችሉ ዝርያዎች አሉ። የዝርያውን ሙሉ ስም ጥቀሱ፣ በእነማን ላይ እንደተሞከረም ንገሩን።

ቁጥርም ስትጠቅሱ ረጋ በሉ። «ባክቴሪያችን ከሴሎቻችን 10 እጥፍ ነው» የሚለውን አሁንም እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ስሌት ለአንድ አዋቂ ሰው 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያና 30 ትሪሊዮን ገደማ የራሱ ሴሎች ይሰጣል። የባክቴሪያው ክብደት 200 ግራም ገደማ ነው። ይኼም እኮ ያስገርማል!

ዱቄቱን የሚሸጠው ሰው ከፍሏችሁ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ተናገሩት። መጨረሻው ድረስ የሚያይ የለም።