ፕላኩ ሲጠፋ ፋጁን ከመጣልሽ በፊት በፈሩን እዪ

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከአራት ኪሎ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። ከቀበና ወንዝ በቀዳችው ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያጠቃ ፋጅ (ባክቴሪያ ውስጥ የሚራባ ቫይረስ) አግኝታ ነበር። መጀመሪያ ፕላኩ (ፋጁ ባክቴሪያውን ገድሎ ፕሌቱ ላይ የሚተወው ባዶ ክብ) ጥርት ብሎ ይታያት ነበር፤ ፋጁን በፎስፌት በፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ፈሳሽ) ማቅጠን ከጀመረች ወዲህ ግን ፕሌቱ ዳር እስከ ዳር ባክቴሪያ ብቻ ነው። «ፋጁ ሞቶብኝ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ አትቸኩዪ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በፈሩን ነው።

የኢ. ኮላይ ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይበዛዋል፣ አብዛኛው ፋጅም እንደዚያው ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ይገፋፋሉ። መሃል ገብተው የሚያገናኟቸው ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው። ሁሉም ፋጅ እኩል አይፈልጋቸውም። ፒ1 የሚባለው ግን ካልሲየም ከሌለ በደንብ አይጣበቅም፤ በእሱ የሚሠሩ ሰዎች ኢንፌክሽኑን ማቆም ሲፈልጉ ሲትሬት ጠብ የሚያደርጉት ካልሲየሙን ይዞ ስለሚያስቀርላቸው ነው። ቲ5 ደግሞ ያለ ካልሲየምም ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የሚበላሽበት።

ፎስፌት ካልሲየምን ካገኘ አብሮት ይዘቅጣል። የአይብና የእርጎ እርሾ የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች እርሾውን ከፋጅ ለመጠበቅ ፎስፌት የበዛበት ማሳደጊያ የሚጠቀሙትም ለዚሁ ነው፤ አንቺም ሳታስቢው የእነሱን መከላከያ ሠርተሻል ማለት ነው። ኢዲቲኤ (ካልሲየምና ማግኒዚየምን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) ያለበት በፈርማ ይባስ፣ አታስጠጊው።

ማቅጠኛውን ቀይሪ። ለ1 ሊትር 5.8 ግራም ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ)፣ 2 ግራም ባለ 7 ውሃ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ 50 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ትሪስ ፒኤች 7.5። ይኸው ነው፣ ኦቶክሌቭ አድርጊው (በግፊት እንፋሎት አምክኚው)።

ካልሲየሙን ለብቻው አዘጋጂ። 14.7 ግራም ባለ 2 ውሃ ካልሲየም ክሎራይድ በውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሲሞላ 1 ሞላር ይሆናል፤ የጠርሙሱን ጽሑፍ በደንብ አንብቢ፣ ውሃ የሌለው ዓይነት ከሆነ 11.1 ግራም ነው የሚበቃሽ። ከአጋሩ (ፕሌቱ ላይ ከሚረጋው ማሳደጊያ) ጋር አብረሽ ኦቶክሌቭ ውስጥ እንዳትከቺው። እኔ ጀማሪ እያለሁ እንደዚያ አድርጌ አጋሩ በሙሉ ደፍርሶብኝ፣ ፕላክ ይሁን ዝቃጭ መለየት አቅቶኝ የአንድ ሳምንት ሥራ ጥያለሁ። አጋሩ ወደ 50 ዲግሪ ሲወርድ፣ ለ1 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ጨምሪ፤ 1 ሚሊሞላር ይሰጥሻል። ካልበቃ እስከ 5 ሚሊሞላር ሂጂ፣ ከዚያ በላይ ግን አትሽቀዳደሚ።

ከዚያ በአንድ ቀን፣ በአንድ ባክቴሪያ አራት ፕሌት ሥሪ፦ አንዱ ባዶ፣ አንዱ 10 ሚሊሞላር ማግኒዚየም፣ አንዱ ካልሲየም፣ አንዱ ሁለቱም ያለበት። ፋጅ ያልነካው አንድ ፕሌትም ከጎን ይኑር፣ እሱ ከሌለ ውጤቱን አላምንልሽም። ፕላኩ ካልሲየም ባለበት ብቻ ከተመለሰ ነገሩ ገባሽ ማለት ነው። አራቱም ላይ ምንም ከሌለ ግን ባክቴሪያው ራሱ ተቀይሮ ፋጁን መቀበል አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ከፍሪዘር አዲስ አውጪ።

ለሙከራው በፎስፌት የከረመውን ሳይሆን፣ ካለሽ፣ 4 ዲግሪ ላይ ያስቀመጥሽውን የመጀመሪያውን የወንዝ ማጣሪያ ተጠቀሚ።