መልስ፦ ዳጋ ያለው የትኛው ዳዊት ነው?
ወንድሜ "ዳጋ እስጢፋኖስ (ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው ገዳም) አፅሙ ያለው አፄ ዳዊት ከግራኝ ጋር የተዋጋው ነው ወይ" ላልከው፣ ኧረ አይደለም! ዳጋ ያለው ቀዳማዊ ዳዊት ነው፣ የዘርዓ ያዕቆብ አባት፣ ልጁም እዛው ነው ያለው። እኛ ከባህር ዳር በጀልባ ሄደን አባ በመስታወቱ አፅሙን ሲያሳዩን እኔም እንዳንተ ተምታቶብኝ ነበር (እህቴማ ሴት አይገባም ተብላ ጀልባው ጋ ቀረች)። ግራኝ ያሳደደው ልብነ ድንግል ነው፣ ዳግማዊ ዳዊት የሚባለው እሱ ነው ግን በዛ ስም ብዙም ስለማይጠራ ነው ሰው ሚሳሳተው፣ የሞተውም እ.ኤ.አ. በ1540 ትግራይ ደብረ ዳሞ ነው። ሶስተኛም አለልህ፣ የጎንደሩ፣ የታላቁ ኢያሱ ልጅ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ የዘፈን ቤት ያሰራው ሃሃ