ስምንት ዓመቴ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ባለፈው ዓመት ልጄ ካሳየችኝ ወዲህ ሳላነብ የቀረሁበት ጊዜ የለም። ዛሬ የራሴን ጉድ ይዤ መጣሁ።

«በሰሜን ሸዋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ደብረ ብርሃን ከነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ጥቅምት 1 ቀን 1980 መንዝ ውስጥ ተቀጠርኩ። 1989ን እናቴን ለማስታመም ሙሉውን ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ አሳለፍኩት። በ1996 ነሐሴ ሲያልቅ ባለቤቴ አዲስ አበባ ስለ ተዛወረ ሥራዬን በፈቃዴ ለቀቅኩና ተከተልኩት። እዚያ ከመስከረም 1997 እስከ ሰኔ 2006 በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተማርኩ፤ ክረምቱንም ይከፍሉን ነበር። ከመስከረም 1 ቀን 2007 ጀምሮ ደግሞ አገሬ ተመልሼ የመንግሥት መምህርት ነኝ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2019 ላይ 60 ይሞላኛል።

«በእኔ ቁጥር 39 ዓመት አስተምሬአለሁ። የሰው ሀብት ባለሙያው ግን 28 ዓመት ብቻ ነው አለኝ። የግሉን ትምህርት ቤት የሥራ ልምድ ሳቀርብለት ጭራሽ ባሰ፤ ‹በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ደመወዝ ሲበሉ ነበር› ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ማንን ልጠይቅ? ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፣ የወሊድ ፈቃዱስ ይቀነስብኛል? ዲፕሎማዬን በክረምት ነው የተማርኩት። ሌላም አለ፦ በእውነት የተወለድኩት በ1961 ነው፤ ልጅ ነሽ፣ አትቀጠሪም እንዳልባል ሁለት ዓመት ጨምሬ 1959 ብዬ አስመዘገብኩ። አሁን ሊስተካከልልኝ ይችላል? መምህርት ወ.»

መምህርት ወ.፣ እኔም እንደ እርስዎ በጠመኔ ነው የጀመርኩት። 11 ዓመት አስተማርኩና ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አስተዳደር ገባሁ፤ 19 ዓመት የመምህራን ማኅደር ስገልጥ ኖርኩ። እንደ እርስዎ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ወረቀትና እርሳስ ሳልይዝ አልመልስም። ይዣለሁ፤ እርስዎም ይያዙ።

በመጀመሪያ ባለሙያው ያለዎትን እንይ። ከጥቅምት 1 ቀን 1980 እስከ ነሐሴ 30 ቀን 1996 ድረስ 16 ዓመት ከ11 ወር ነው። ከዚህ ላይ ያለ ደመወዝ ያሳለፉት አንድ ዓመት ይወጣል፤ 15 ዓመት ከ11 ወር ይቀራል። እናትን ማስታመም ከማስተማር አያንስም፣ ግን ሕጉ የሚቆጥረው ጡረታ የተቆረጠበትን ወር ነው። ያን ዓመት ደመወዝ አልነበረም፣ ስለዚህ የሚቆረጥም አልነበረም። ሁለተኛው የመንግሥት አገልግሎትዎ ከመስከረም 1 ቀን 2007 ተነሥቶ 60 ዓመት እስከሚሞላዎት ወር መጨረሻ፣ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2019 ይሄዳል፤ 12 ዓመት ከ4 ወር። ሁለቱ ሲደመሩ 28 ዓመት ከ3 ወር ይሆናሉ። ባለሙያው የደመረው ትክክል ነው። በፈቃድዎ ለቅቀው መመለስዎም የቀድሞውን አገልግሎት አልሰረዘብዎትም፤ እሱም ደምሮልዎታል።

ስሕተቱ ያለው የግሉን ትምህርት ቤት ዘመን ጠቅልሎ በመጣሉ ላይ ነው። እርስዎም ጠቅልለው መደመርዎ ያው ስሕተት ነው። ያ ዘመን መካከሉ ላይ የተሰነጠቀ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚባለው ነገር በአገራችን የመጣው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን መቆረጥ የጀመረውም ከሐምሌ 2003 ወዲህ ነው። ስለዚህ ከመስከረም 1997 እስከ ሰኔ 2003 ያሉት 6 ዓመት ከ10 ወር ለጡረታ እንዳልነበሩ ናቸው። በዚያ ዘመን በግል ትምህርት ቤት ጸጉሩን ያሸበተ ስንት መምህር አውቃለሁ! አንዳንዱ ፕሮቪደንት ፈንድ (አሠሪውና ሠራተኛው በጋራ የሚያስቀምጡት ገንዘብ) ነበረው፤ አብዛኛው እሱም አልነበረው። ከሐምሌ 1 ቀን 2003 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2006 ያለው 3 ዓመት ግን የእርስዎ ነው። በመንግሥትና በግል የተሠራ፣ ጡረታ የተከፈለበት አገልግሎት አንዱ ለሌላው ይያዛል፤ በ2014 የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268ም ይህን አላፈረሱትም።

ድምሩ እንግዲህ 31 ዓመት ከ3 ወር ነው። ከ39 ዓመት ከ3 ወር ላይ የጎደለው ልክ 8 ዓመት ነው፦ የእናትዎ አንድ ዓመት፣ ከ2003 በፊት ያለው 6 ዓመት ከ10 ወር፣ እና በ2006 ከአንዱ ወጥተው ወደ ሌላው እስኪገቡ ያለፉት ሐምሌና ነሐሴ።

በብር ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ስሌቱ የሚያርፈው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። አማካዩ 10,000 ብር ነው ብንል (የእርስዎን አላውቅም፣ ለስሌት እንዲመች ነው) በ31 ዓመት 56.25 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,625 ብር ያገኛሉ። በባለሙያው 28 ዓመት ቢሄድ 52.5 በመቶ፣ 5,250 ብር ይሆን ነበር። የተጣሉት ሦስት ዓመታት በየወሩ 375 ብር ናቸው፤ ዕድሜ ልክ። በእርስዎ 39 ዓመት ቢሆን ደግሞ 6,625 ብር ነበር። ወራቱን ለቅለት ብዬ ትቻቸዋለሁ።

(መቼም መምህር ነንና አንድ የሒሳብ ጥያቄ ልጣል። አበሉ ከ70 በመቶ አይበልጥም ይላል ሕጉ። 70 ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። 60 ላይ ጡረታ የሚወጣ ሰው 42 ዓመት የሚሞላው በስንት ዓመቱ ቢቀጠር ነው? በ18! አንድ ቀን ሳያጎድል። ጣሪያውን ነክቶ የወጣ መምህር በ19 ዓመት ውስጥ አላየሁም።)

አሁን «ሁለት ቦታ ሲበሉ ነበር» ወደሚለው ልምጣ። ይህን ሳነብ ሳቅም ንዴትም ያዘኝ። የሥራ ልምዱን ፎቶ ስለ ላኩልኝ አየሁት፤ «ከ2004 እስከ 2014» ይላል። የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፉት፤ የእርስዎም እንደዚያው ነው፤ ግን «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ረስተዋታል። የፈረንጁ መስከረም 2004 የእኛ 1997 ነው፣ የፈረንጁ ሰኔ 2014 የእኛ 2006 ነው። ባለሙያው ግን በእኛ ቆጠረውና ከ2007 እስከ 2014 ሰባት ዓመት ሙሉ በሁለት ቦታ ሲያስተምሩ ታዩት። አይፍረዱበት፣ ወረቀቱ ያለውን ነው ያነበበው። ለሌሎቻችሁም እላለሁ፦ ከግል ድርጅት ልምድ ስታጽፉ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀንና ወሩም ሳይቀር ይጻፍላችሁ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ቢኖርም ባይኖርም የልምድ ወረቀት ለዚህ ጉዳይ ብቻውን አይበቃም። የሚፈለገው መዋጮው ገቢ ስለ መሆኑ ማስረጃ ነው። የግል ድርጅቶችን የጡረታ መዋጮ ሲሰበስብ የነበረው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ድርጅቱም በየወሩ የሠራተኞቹን ስምና የተቆረጠውን ብር ዘርዝሮ ያስገባ ነበር። ስለዚህ ዱካው በተዘጋው ትምህርት ቤት ጓዳ ብቻ የተቀበረ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ የድርጅቱን ስም፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩን (በድሮ የደመወዝ ደረሰኝዎ ወይም በውልዎ ላይ ሊገኝ ይችላል) እና የራስዎን የጡረታ መለያ ቁጥር ይዘው በማመልከቻ ይጠይቁ። ቃል አይበቃም፤ ማመልከቻው ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይሰጥበት፣ ቅጂው በእጅዎ ይቅር። ከደመወዝዎ ቆርጦ ሳያስገባ ቀርቶ ከሆነ ዕዳው የአሠሪው ነው፤ የተቆረጠበትን ፔሮል ወይም ደረሰኝ ካገኙ ያያይዙት። ውሳኔው ካልተዋጠልዎ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ።

የወሊድ ፈቃድ አይቀነስም፤ ደመወዝ ሲከፈልዎት፣ ጡረታም ሲቆረጥ ነበር። የክረምት ትምህርቱም እንዲሁ፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመወዝ ላይ ነበሩ።

ዕድሜ። ይህን መመለስ ይከብደኛል። የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሕይወት ታሪክ ቅጹ ላይ ያስመዘገቡት ነው። የቤተ ክርስቲያን የልደት ካርድ ያመጣ፣ ፍርድ ቤት ሄዶ የመጣ፣ የነፍስ አባቱን ምስክር ይዞ የመጣ ሁሉ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ያውቃል፤ መልሱ አንድ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ ዓመት ሥራ አስገኘልዎ፣ ዛሬ መልሰው ይወስዱታል። በእሱ ላይ ጊዜና ገንዘብ አያባክኑ፤ ጉልበትዎን ለሦስቱ ዓመታት ያውሉት።

ሌላ አንድ ነገር። ከመንዝ ጀምሮ ያሉት ደብዳቤዎች ላይ ስምዎን ከነአባት ስም ፊደል በፊደል ያስተያዩ። እኔ ራሴ ጡረታ ልወጣ ስል፣ የሰው ማኅደር ሳስተካክል የኖርኩት ሰውዬ፣ የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የአባቴ ስም በ«ፀ»፣ የዝውውር ደብዳቤዬ ላይ በ«ጸ» ተጽፎ ተገኘ። «ሁለት ሰው ነው» ተባልኩ። አራት ወር ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል ተቀመጥኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ፀሐዩ ፀ» ስትል ትስቅብኛለች። ስለዚህ 60 እስኪሞላዎት አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት መዝገብ ቤት ወርደው ማኅደርዎን ያስወጡ።

❖

«27 ዓመት አስተምሬ 53 ዓመቴ ነው። ሰልችቶኛል፤ ልልቀቅና ጡረታዬን ልብላ? መምህር ተ.፣ ከምሥራቅ ጎጃም»

መምህር፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቢለቅ አበሉን ከጡረታ መውጫው አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ55 ዓመቱ መቀበል ይጀምራል። ስለዚህ መብቱ አለዎት፤ ነገር ግን ዛሬ ቢለቁ ሁለት ዓመት ምንም አያገኙም። አበልዎም በ27 ዓመት 51.25 በመቶ ላይ ይቆማል፤ እስከ 60 ቢቆዩ 34 ዓመት ሆኖ 60 በመቶ ይደርሳል። የሚሰላውም በዛሬው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ከለቀቁ በኋላ ለመምህራን የሚደረግ የደመወዝ ጭማሪ ወደ ስሌትዎ አይገባም። የሚሠሩት ሌላ ሥራ ካለ ሌላ ነገር ነው። መሰልቸት ብቻ ከሆነ ግን፣ እኔ ብሆን የትምህርት ቤት ዝውውር እጠይቅ ነበር።

❖

«ቋሚ ከመሆኔ በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በኮንትራት አስተምሬአለሁ። ይቆጠራል?»

አይቆጠርም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ለቋሚ ሠራተኛ ነው። የሙከራ ጊዜዎ ግን ይቆጠራል፤ ቋሚ ሲሆኑ አገልግሎቱ ከተቀጠሩበት ቀን ይነሣል።

❖

«አዳማ በግል ትምህርት ቤት ከ2007 ጀምሮ አስተምራለሁ። በየዓመቱ መስከረም ውል እንፈርማለን፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ አይከፈልም። አሥረኛ ዓመቴን ስጨርስ ለጡረታ በቃሁ ብዬ ነበር። 60 ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነበር የቀረኝ። ስሜ አይጠቀስ።»

ወንድሜ፣ ውልዎ ጊዜያዊ መሆኑ አያሳስብዎት፤ በግል ድርጅት ከ45 ቀን ያላነሰ ውል ያለው ሠራተኛ ጡረታ ይቆረጥለታል። የሚያሳስበው ክረምቱ ነው። አሥር ወር በአሥር ዓመት ሲባዛ 100 ወር ነው፤ 100 ወር ደግሞ 8 ዓመት ከ4 ወር ነው። ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት መሙላት አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ሰው የሚሰጠው ዳረጎት ነው፣ አንድ ጊዜ ተቀብሎ መሄድ።

አሥረኛው ዓመት ሲያልቅ የጎደለዎት 20 ወር ነበር፤ ማለትም ሁለት ሙሉ የትምህርት ዘመን፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ። ያለዎት ጊዜ ይበቃል፣ ግን የሚተርፈው ጥቂት ወር ብቻ ነው። ውል ሲፈርሙ የሚጀምርበት ቀን መስከረም 1 መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ትምህርት ሲጀመር» ብለው ወደ መስከረም አጋማሽ የሚገፉ አሉ፣ በሁለት ዓመት አንድ ወር ይበላሉ። ባለቤቱ ደግ ሰው ከሆነ ደግሞ ውሉን የ12 ወር እንዲያደርገው ይጠይቁት። የአሥሩን ወር ደመወዝ ለ12ቱ አከፋፍሎ ቢከፍልም ይሻላል፤ የዓመቱ ክፍያ ሳይጨምርበት የእርስዎ ወር ይቆጠራል። ብቻ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ በዚያው ልክ ዝቅ እንደሚል ይወቁት። 10 ዓመት ለመሙላት ለተቸገረ ሰው ይህ ዋጋ የሚያስቆጭ አይመስለኝም።